ከጥይት ዝናብ መትረፍ፤ ለጀማሪ ተጫዋችና ለእናቱ

ትምህርት ቤት ተዘግቶ ክረምቱ በገባ ቁጥር በየቤቱ ደጋግሞ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ፤ «ልጁ የት ዋለ?» የሚል። ቀደም ባለው ጊዜ መልሱ አያስቸግርም ነበር። ወይ ሜዳ ላይ ኳስ ሲራገጥ፣ ወይ ደጃፍ ላይ ብይ ሲጫወት፣ ወይም ጎረቤት ቤት ቴሌቪዥን ሲያይ ይገኛል። ዛሬ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ከመካኒሳ እስከ ጀሞ፣ ከጎፋ እስከ ለቡ ባሉት ሰፈሮች ይህን ጥያቄ የምትጠይቅ እናት አብዛኛውን ጊዜ እግሯ የሚመራት ወደ አንድ ቦታ ነው። መስኮቱ በጨርቅ ወደ ተሸፈነ፣ አግዳሚ ወንበርና ሁለት ሦስት ቴሌቪዥን ወደ ያዘ ጠባብ ክፍል፤ ወደ ፕሌይስቴሽን ቤት።

እኔም ባለፈው ክረምት በአንድ ዝናባማ ከሰዓት በኋላ ወደዚያው ሄድኩ። ለዳቦና ለወተት የሰጠሁትን ገንዘብ ይዞ የወጣው የአሥራ ሦስት ዓመት ልጄ ለሦስት ሰዓት ያህል ሳይመለስ ቀርቶ ነበር። ጃንጥላዬን ሳላጥፍ ገባሁ። ከእኩዮቹ መካከል ተቀምጦ፣ ጆይስቲክ በሁለት እጁ ጨብጦ፣ አፉን ከፍቶ ቴሌቪዥኑ ላይ አፍጥጦ አገኘሁት። አንድ ቃል ሳልናገር በጥፊ መታሁት። ጓደኞቹ ሁሉ አዩ። አንደኛው ሳቀ፤ ያ ሳቅ ከጥፊው ይልቅ ልጄን እንደ ጎዳው የገባኝ በኋላ ነው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በቤታችን ውስጥ ልጄ ለእኔ የሚናገራቸው ቃላት ሁለት ብቻ ሆኑ፤ «እሺ» እና «አይ»። ዳቦ ግዛ ስለው ይገዛል፤ መልሱን ቆጥሮ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣል። ምሳ ስሰጠው ይበላል። ማምሻውን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። በዚህ ሁኔታ ሦስት ሳምንት አለፈ።

ነገሩን የለወጠው የወንድሜ ልጅ ነው። ሥራ ይዞ አዲስ ኮምፒዩተር በመግዛቱ አሮጌውን ላፕቶፑን ከአንድ ጆይስቲክ ጋር ለልጄ ሊሰጥ አመጣው። ልቤ ደነገጠ፤ «እንኳን መሣሪያው እቤት ገብቶለት!» ስል አሰብኩ። እርሱ ግን እቃውን ሲያስረክበኝ፣ «እትዬ፣ በውስጡ አንድ ጨዋታ ብቻ ነው የተውኩለት። ለሁለት ሰው ይሆናል። ብቻውን አታስጫውቺው» አለኝ። ከማን ጋር ይጫወት ብዬ ስጠይቀው ሳቅ ብሎ በጣቱ ወደ እኔ አመለከተ።

አንባብያን እንደምትገምቱት በአርባ ስድስት ዓመቴ ጆይስቲክ የመጨበጥ ምኞት አልነበረኝም። ይሁን እንጂ ልጄ የሚያየውን ሳላይ፣ የሚናገርበትን ቃል ሳላውቅ ልቆጣጠረው መሞከሬ የማላውቀውን ቋንቋ በጩኸት ለመናገር እንደ መሞከር ሆኖ ተሰማኝ። ስለዚህም ተማርኩ። ያጋጠመኝንና የተማርኩትን ከዚህ ቀጥሎ የማቀርበው፣ ተመሳሳይ ጨዋታ በልጆቻቸው ስልክ ወይም ኮምፒዩተር ላይ ላዩ እናቶችና አባቶች መጠነኛ እርዳታ ይሰጣል በሚል እምነት ነው።

ጨዋታው «ኤንተር ዘ ጋንጀን» ይባላል። ስሙ ጠመንጃ ከሚለውና የምድር ውስጥ እስር ቤት ከሚለው ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ተጣብቆ የተሠራ ነው። «ዶጅ ሮል» የተባለ አነስተኛ የአሜሪካ ቡድን የሠራው ሲሆን፣ መጋቢት 27 ቀን 2008 ዓ.ም. ለገበያ ቀርቧል። እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስም ተጨማሪ ክፍያ ሳይጠየቅበት በየጊዜው እየተሻሻለ ቆይቷል። ሥዕሉ እንደ መስቀል ጥልፍ በጥቃቅን አራት ማዕዘን ነጠብጣቦች የተሠራ ስለሆነ ለአሮጌ ላፕቶፕ እንኳ አይከብድም። ለእኛ ቤት የጠቀመውም ይኸው ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አራት ሰዎች አሉ፤ ወታደር፣ አብራሪ፣ እስረኛና አዳኝ። እያንዳንዳቸው በኋላ ሕይወታቸው የሚጸጽታቸው ነገር አለ። ወታደሩ ባልደረቦቹ ሲጠቁ ጥሏቸው ሸሽቷል፤ አብራሪውም ጓደኛውን በችግር ጊዜ ትቶት ሄዷል። በዚያ የምድር ቤት መጨረሻ ላይ ያለፈን ነገር የሚገድል ጠመንጃ አለ ስለሚባል፣ ያን ጠመንጃ አግኝተው የቀድሞ ስሕተታቸውን ሊያጠፉ ይወርዳሉ። ልጄ ይህን ሲያስረዳኝ ቀና ብሎ አላየኝም፤ እኔም ምንም አልመለስኩለትም።

የሚወረደው አምስት ፎቅ ነው። በየፎቁ ብዙ ክፍሎች አሉ። አንድ ክፍል ሲገቡ በሩ ይዘጋል፤ ጠላት ይወጣል፤ ሁሉም እስኪሸነፍ ድረስ አይከፈትም። በየፎቁ መጨረሻ ደግሞ አንድ ታላቅ ባላጋራ ይጠብቃል። ተጫዋቹ ከሞተ ከመጀመሪያው ፎቅ እንደገና ይጀምራል። ያገኘው ጠመንጃም፣ የሰበሰበው ገንዘብም ይቀራል። የክፍሎቹም አቀማመጥ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ መንገዱን በቃል አጥንቶ ማምለጥ አይቻልም። ይህ ዓይነቱ አሠራር እ.ኤ.አ. በ1980 ከወጣ «ሮግ» ከተባለ ጥንታዊ የኮምፒዩተር ጨዋታ የተወረሰ ነው።

በመጀመሪያው ቀን አሥራ አንድ ጊዜ ሞትኩ። ሁለተኛውን ፎቅ በዓይኔም አላየሁም። እንግዲህ ጀማሪ ሁሉ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው ይኸው ነው፤ በዚህ ጨዋታ መሞት ጥፋት አይደለም፤ የተሠራውም እንዲያ ተደርጎ ነው። ገና ሲጀመር ሦስት ልብ ይሰጣል። አንድ ጥይት በነካችሁ ቁጥር ግማሽ ልብ ይጎድላል። ስድስት ጊዜ ስትመቱ አለቀ ማለት ነው። ጥይት ብቻ ሳይሆን የጠላት ሰውነት መንካትም፣ ጉድጓድ ውስጥ መውደቅም ያስቀንሳል።

ለምን ቶሎ ቶሎ እንደምሞት ያሳየኝ ልጄ ነው። ከ«እሺ»ና ከ«አይ» ውጪ የተናገረኝ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገርም ይኸው ነበር፤ «እማዬ፣ አንቺ እኮ የምታዪው የሚተኩሰውን ነው። ጥይቱን እዪ።» እውነትም ዓይኔን ጠላቱ ላይ ተክዬ እርሱን ለመምታት ስታገል፣ ቀስ ብላ የምትመጣዋን ቀይ ነጥብ አላያትም ነበር። በዚህ ጨዋታ ጥይት እንደ እውነተኛው ጥይት አይፈጥንም። ዝናብ ሆኖ ይመጣል እንጂ በዓይን ይታያል፤ በመካከሉም ክፍተት አለ። በጀሞ ሚካኤል አስፋልቱን የምታቋርጡ ሁሉ ይህን ጥበብ ታውቁታላችሁ። ዓይናችሁ የሚያርፈው በሩቅ በሚጮኸው አውቶቡስ ላይ ሳይሆን አሁን በአጠገባችሁ በሚያልፈው ሚኒባስ ላይ ነው። በጨዋታውም ዓይናችሁን በራሳችሁ ሰውና በዙሪያው ባለው ባዶ ቦታ ላይ አድርጉ። መተኮሱ ይደርሳል።

ሁለተኛው ትምህርት ስለ መገልበጥ ነው። ልጆቹ «ሮል» ይሉታል። አንዲት ቁልፍ ሲጫኑ ሰውየው ተወርውሮ ይገለበጣል፤ በአየር ላይ ባለበት ቅጽበትም ጥይት በላዩ ላይ ቢያልፍ አይጎዳውም። እግሩ መሬት ሲነካ ግን እንደ ማንም ሰው ይመታል። ጀማሪ ሰው እንደ እኔ በድንጋጤ ደጋግሞ ይገለበጥና ከአንደኛው ጥይት አምልጦ በሦስተኛው ላይ ያርፋል። በሚገለበጡበት ጊዜ መተኮስም አይቻልም። የሚበጀው በሁለት ጥይት መካከል ክፍተት ካለ በእግር ማለፍ ነው፤ ክፍተት ሲጠፋ ብቻ መገለበጥ ያስፈልጋል። አቅጣጫውም ሰው ከሚገምተው የተለየ ነው። ከጥይቱ ጋር ወደ ኋላ መሸሽ ጥይቱን ማስከተል ነው፤ ወደሚመጣው ጥይት፣ በላዩ አሳልፎ ወደ ማዶው መገልበጥ ግን ያድናል። ይህን ለመልመድ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ሰው ከሚወረወርበት ነገር መሸሹ ተፈጥሮው ነውና።

ጠረጴዛም አለ። በየክፍሉ የሚታዩት ጠረጴዛዎች ለጌጥ አልተቀመጡም። ቀርቦ መገልበጥና ከኋላ መከለል ይቻላል። ጥቂት ጥይት ከቻለ በኋላ ስለሚሰበር ግን መኖሪያ አታድርጉት። ወደ ማዕዘንም ተገፍታችሁ አትግቡ፤ ማዕዘን የገባ ሰው መውጫው አንድ ብቻ ነው፤ እርሷም ጥይት የሚመጣባት ናት።

አሁን ወደ እኛ ወደ ሴቶች ባሕርይ ልምጣ። በጨዋታው ውስጥ «ብላንክ» የሚባል ነገር አለ። አንዱን ሲጠቀሙበት በክፍሉ ውስጥ ያለውን የጠላት ጥይት ሁሉ ባንድ ጊዜ ያጠፋዋል። ልክ በጭንቅ ሰዓት ሰማዩ እንደሚገለጥ ነው። አዲስ ፎቅ በተጀመረ ቁጥር ቢያንስ ሁለት እንዲኖርዎ ተደርጎ ይሞላል። እኔ ታዲያ ምን አደረግሁ? አስቀመጥኳቸው! ለባሰ ቀን፣ ለታላቁ ባላጋራ፣ ለኋላ። ለእንግዳ ተብሎ ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጦ የቤቱ ሰው ሳይበላበት እንደሚሰነጠቀው ሸክላ ሳህን ሁሉ፣ ሁለቱንም ብላንክ ይዤ ሞትኩ። አንድ ጊዜ አይደለም። ልጄ ቆጥሮልኛል፤ ስድስት ጊዜ። በሚቀጥለው ፎቅ ተመልሶ የሚሞላ ነገር ቁጠባ አይሻም። ፎቁ ከማለቁ በፊት ተጠቀሙበት። ግድግዳ አጠገብ ሲፈነዳ የተሰወረ ክፍል ካለ የሚገልጥ መሆኑም ሌላው ጥቅሙ ነው።

ስለ ጠመንጃ ረገድ ብዙ አልልም፤ ልጆቹ ከእኛ ይበልጥ ያውቁታል። መጀመሪያ ሲገቡ የሚሰጠው ጠመንጃ ደካማ ቢሆንም ጥይቱ አያልቅም። በየመንገዱ የሚገኙት ብርቱዎቹ ግን የተወሰነ ጥይት ነው ያላቸው። ለተራው ጠላት ደካማውን፣ ለከበደው ብርቱውን መጠቀም ይገባል። ጠላት በሌለበት ጊዜም ጥይት ማጉረስ ይልመዱ። ጠመንጃውን በጦፈ መካከል ማጉረስ ሊጡ ምጣድ ላይ ከፈሰሰ በኋላ ምጣድ ማሰሻ ፍለጋ እንደ መሄድ ነው።

ገንዘቡ የጥይት ቀለህ ነው። በየፎቁ ሱቅ አለ፤ ቁልፍ፣ ልብ፣ ጥይትና ሌላም ይሸጥበታል። በሱቁ ውስጥ ፈጽሞ እንዳትተኩሱ። ባለሱቁ ይቆጣል፤ ዋጋ ይጨምራል፤ ከደገማችሁት ደግሞ ጠመንጃውን ያነሣል። እኔ አንድ ጊዜ በስሕተት ቁልፏን ነክቼ ባለሱቁን ማስቆጣቴን ሳስታውስ እስከ ዛሬ አፍራለሁ፤ ልጆቼ ግን ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ጀማሪ ሰው ቀለሁን ቢችል በቁልፍ ላይ ያውለው። የተቆለፉት ሣጥኖች ውስጥ ያለው መሣሪያ ኋላ ላይ ነፍስ ያድናል። ሣጥኑን በጥይት ሰብሮ ማየት ይቻላል፤ ነገር ግን ያለው ሀብት ይበላሻል። ጥርስ አውጥቶ የሚናከስ ሣጥንም አለና ተጠንቀቁ።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። ልባችሁ ሙሉ ሆኖ ሳለ መሬት ላይ የወደቀ ልብ ብታገኙ አታንሡት። እዚያው ተዉት። በዚያው ፎቅ ውስጥ እስካላችሁ ድረስ አይጠፋም። በካርታው ላይ ከክፍል ወደ ክፍል ባንዴ መሻገር ስለሚቻል ስትጎዱ ተመልሳችሁ ታነሡታላችሁ። ይህን የነገረኝ የለም፤ ራሴ ነኝ ያገኘሁት። ልጄም ይህን ሲያይ፣ «እማዬ፣ ይቺን ማን አሳየሽ?» አለኝ። ያን ቀን እራት ስንበላ ስለ ጨዋታው ብቻ አወራን። ስለ ጨዋታውም ቢሆን አወራን።

ከአራቱ ሰዎች ለጀማሪ የሚሻለው ወታደሩ ነው። ከሦስቱ ልብ ሌላ አንድ መከላከያ ይዞ ይነሣል፤ ያ መከላከያ ሲመታ እንደ ብላንክ ዙሪያውን ያጸዳል። አዳኟ ደግሞ ውሻ ስላላት ትንሿ ልጄ ሌላ ሰው አትመርጥም።

ስለ ትንሿ ልጄ ካነሣሁ ዘንድ፣ አሥር ዓመቷ ነው። በፕሌይስቴሽን ቤቱ ውስጥ ያን ቀን አንዲት ሴት ልጅ አላየሁም፤ ከዚያ ወዲህም በሌሎቹ ደጃፍ ሳልፍ አሾልኬ እያየሁ አንዲት አላጋጠመችኝም። ወንዶቹ ሲገኙበት የምንቆጣበት ቦታ ነው፤ ሴቶቹ ቢገኙበት ደግሞ ምን እንደምንል እናውቀዋለን። ይህም በመሆኑ ልጅቷ መቀመጫ ይዛ ከኋላችን ማየት ብቻ ነበር ድርሻዋ። አንድ ቅዳሜ ወንድሟ ውሃ ሊቀዳ ወረደና ጆይስቲኩን አነሣች። በመጀመሪያው ፎቅ ላይ ዙፋኑ ላይ ተቀምጦ በዙሪያው ጥይት የሚረጨው «ቡሌት ኪንግ» የሚባለው ባላጋራ ፊት ቆመች። ብዙ አልተኮሰችም። ዞረች፣ ቆመች፣ አሳለፈች፣ አንዴ ተኮሰች፣ ደግሞ ዞረች። እኔ ትሞታለች ብዬ ስጠብቅ ንጉሡ ወደቀ። አንዲት ጥይት አልነካትም!

ታላቅ ባላጋራን ሳይመቱ ላሸነፈ ተጫዋች «ማስተር ራውንድ» የተባለ ሽልማት ይሰጣል፤ ተጨማሪ ልብም ያስገኛል። ወንድሟ ጀሪካኑን እንደያዘ በር ላይ ቆሞ ነበር። እርሱ ያን ሽልማት አግኝቶ አያውቅም። እኔማ ምን ልበል! «እንዴት አደረግሽው?» አላት። «ሲያቆም ነው የተኮስኩት» አለችው። ከዚህ የበለጠ ማብራሪያ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የለም። የትኛውም ባላጋራ ጥይት ረጭቶ ሲጨርስ አፍታ ያርፋል። የመጀመሪያዎቹን ጊዜያት ምንም ሳትተኩሱ አካሄዱን ብቻ ብታዩ አይጎዳችሁም። መንትያ የሆኑት ባላጋሮች ካጋጠሟችሁ ግን አንደኛው ሲሞት ሌላው በርትቶና ተናዶ እንደሚመጣ አስቀድማችሁ እወቁ።

ከጎረቤቶቼ መካከል፣ «ልጅን ጠመንጃ ታስለምጃለሽ?» ብለው የወቀሱኝ አሉ። ወቀሳው ቀላል አይደለም። አገራችን ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የነበረውን ጦርነት አሳልፋለች፤ የተኩስ ድምፅ ለብዙ ቤተሰብ ጨዋታ አይደለም። በዚህ ጨዋታ ጠላት የሚሆኑት ሰዎች አለመሆናቸው፣ እግር ያበቀሉ ጥይቶች መሆናቸው ለእኔ ትንሽ አቅልሎልኛል። ይሁን እንጂ የተኩስ ድምፅ የሚያስደነግጠው ሰው በቤት ውስጥ ካለ ጨዋታው አይሆንም፤ ሌላ ይፈለግ። የራሳችን «ቅኔ ጌምስ» የሠራው «ኩኩሉ» የተባለው የስልክ ጨዋታ ከገበሬ እጅ አምልጣ የምትሮጥ ዶሮን የሚያሳይ ነው። ጥይት የለበትም። ለጣት ማፍታቻም ይጠቅማል።

ሌላው ስጋት ሱስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀውና ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ የጨዋታ ሱስን እንደ ሕመም መዝግቧል። ነገር ግን መመዘኛው ጨዋታ መውደድ አይደለም። ልጁ ጨዋታውን መቆጣጠር ሲያቅተው፣ ከትምህርትና ከዕለት ኑሮው ሁሉ ሲያስቀድመው፣ ጉዳት እያየም ሲቀጥልበት፣ ይህም ሁኔታ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓመት ያህል ሲቆይ ነው ሕመም የሚባለው። እኔ ልጄን በጥፊ የመታሁት በሦስት ሰዓት ነው።

በቤታችን የወሰንነው ደንብ በሰዓት አይደለም። በመጀመሪያ «አንድ ሰዓት» ብዬ ነበር። ሰዓቱ ሁልጊዜ ፎቁ መካከል እያለ ስለሚሞላ ጠብ ሆነ። በኋላ ልጄ ራሱ ያመጣው ሐሳብ በሞት መቁጠር ነው። ከትምህርት በኋላ ሁለት ሞት፣ ቅዳሜ አራት ሞት። ሞት ሲቆጠር ልጁ ይጠነቀቃል፤ ይቸኩል የነበረው ቀስ ይላል። ጨዋታው ከረዘመ ደግሞ ከአንዱ ፎቅ ወደ ሌላው በሚሸጋገሩበት ጊዜ አስቀምጦ መውጣትና በማግሥቱ ከዚያው መቀጠል ይቻላል። በፎቁ መካከል ግን አይቀመጥም። ይህን ያስተማረን መብራት ነው። የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፤ መብራት ጭልጭል ባለ ቁጥር ሦስታችንም ትንፋሻችንን እንይዛለን። አንድ ቀን ሦስተኛው ፎቅ ላይ ደርሰን ቀጥ አለ። ልጄ ያን ጊዜ የተናገረውን ቃል ለጋዜጣ አላወጣውም፤ እኔም አልተቆጣሁም፤ በሆዴ ያንኑ ብዬ ነበርና።

ሁለት ሰው አብሮ ሲጫወት አንደኛው ቢሞት ጨዋታው አያበቃም። የሞተው መንፈስ ሆኖ አብሮ ይንሳፈፋል። ሕያው የሆነው ሣጥን ሲያገኝና ሲከፍት ከመሣሪያ ፋንታ የሞተው ጓደኛው ይነሣለታል። በኅዳር ወር አንድ እሑድ ሦስተኛው ፎቅ፣ «ብላክ ፓውደር ማይን» በሚባለው የባሩድ ጉድጓድ ውስጥ ሞትኩ። ልጄ ብቻውን ሁለት ክፍል አጸዳ። ልቡ አንድ ተኩል ቀርቶት ነበር። ከዚያ ሣጥን አገኘ።

«ተወኝ፤ አንተ ቀጥል። እኔ ብነሣም ወዲያው ነው የምሞተው» አልኩት። ከልቤ ነው። ከእኔ ጋር ከሚቀጥል ይልቅ ብቻውን ሩቅ የሚሄድ መስሎኝ ነበር።

መልስ አልሰጠኝም። ሣጥኑን ከፈተና ተነሣሁ። ጥቂት ተጉዘን ባዶ ክፍል ውስጥ ስንቆም ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሣ፣ «እማዬ፣ ያቺ ያለፈውን የምትገድለው ጠመንጃ ብትኖርሽ የቱን ትገድይባት ነበር?» ሲል ጠየቀኝ።

የምመልሰውን አውቀው ነበር፤ ለመናገር ግን ጉሮሮዬ ያዘኝ። «ጃንጥላ ይዤ የመጣሁባትን ቀን» አልኩት።

ትንሽ ዝም አለ። «እኔ ደግሞ የዳቦውን ገንዘብ» አለ። ትንሿ ከኋላችን፣ «ስታወሩ ጠላት ይመጣል እኮ!» ብላ ጮኸች። የሚቀጥለውን በር ከፍተን ገባን፤ እኔም ብላንኬን በጊዜው ተጠቀምኩ።

ጠመንጃውን ለማግኘት በአምስተኛው ፎቅ ያለውን ዘንዶ ማሸነፍ ያስፈልጋል። ጥይቱም በአራት ክፍል ተሰብስቦ አንጥረኛዋ ዘንድ መሠራት አለበት። እኛ አራተኛውን ፎቅ ሁለት ጊዜ አይተነዋል። በመጪው ቅዳሜ አራት ሞት አለን።